መበላት የለበትም

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አያትህም ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው፤ "ያ ልጅ ዛሬም ሩዝ ነው የበላው?" ማለታቸውን ግን አልተዉም።

የበሶውን ነገር ስትነግረኝ ስቄብህ ስልኩን ዘጋሁት። ማታ ሳስበው ግን በሳቅ ብቻ የሚታለፍ አልመሰለኝም። በስልክ ላስረዳህ ብል ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ አንተም "እሺ እማ፣ እሺ እማ" እያልክ ታሳጥረዋለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ።

እኔ እንደገባኝ ነገሩ ይህ ነው። በቅቤ የታሸውን በሶ ከነጣሳው እዚያ ኢንዶኔዥያ ከቤቱ ልጆች ጋር በምትጋሩት ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥክ። እንዳይነኩብህ ክዳኑ ላይ ወረቀት ለጠፍክ። በልብህ "መበላት የለበትም" አልክና ቃል በቃል ወደነሱ ቋንቋ፣ ወደ ኢንዶኔዥያኛ፣ አዙረህ "ቲዳክ ሃሩስ ዲማካን" ብለህ ጻፍክ። በሦስተኛው ቀን ጣሳው ባዶ ሆነ። ልጆቹን እንዳትቀየማቸው። አንተ የጻፍክላቸው "ካልበላችሁ ብዬ አላስገድድም" ነው። እነሱም ማንም ሳያስገድዳቸው በሉት።

ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም፣ የአማርኛችንም ነው። "መምጣት የለብህም" ብልህ ምን ትረዳለህ? እንዳትመጣ ከለከልኩህ ወይስ ባትመጣም አልቀየምህም አልኩህ? ፊቴን ካላየህ፣ ድምፄን ካልሰማህ አትለየውም። እኛ ፊት ለፊት ስለምንነጋገር አንቸገርበትም። ጣሳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ግን ፊት የለውም።

እነሱ ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚያኖሯቸው። መከልከል ስትፈልግ "ጃንጋን" ወይም "ቲዳክ ቦሌህ" ነው። ጃንጋን ዲማካን፣ እንዳይበላ። ቲዳክ ቦሌህ ዲማካን፣ መብላት አይፈቀድም። ነጻ ማድረግ ስትፈልግ ደግሞ "ቲዳክ ኡሳህ"፣ "ቲዳክ ፐርሉ"፣ "ቲዳክ ሃሩስ" ነው፤ ግድ የለም፣ አያስፈልግም፣ የግድ አይደለም። "ሃሩስ" ብቻዋን ስትቆም ጠንካራ ናት፤ ከፊቷ አፍራሹ "ቲዳክ" ሲገባ ግን አትከለክልም፣ ትፈታለች። ጃንጋንን ስትናገር ደግሞ ንና ግን ለያይተህ አትጥራቸው። ከጉሮሮ የምትወጣ አንዲት ድምፅ ናት፤ ፊደላችን የላትም። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ አበላሽቻታለሁ።

ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው እንደማትለኝ አውቃለሁ፤ ሰማያዊውን ደብተር በልጅነትህ ስዕል ሞልተህበታል። በ1997 ለቤት ሠራተኛነት ጅዳ ስገባ እዚያ ቤት ቀድማኝ የገባች አንዲት ኢንዶኔዥያዊት ነበረች፣ የጃቫ ደሴት የቺላቻፕ ሰው። ምባክ ነበር የምላት፤ እኛ "እትዬ" እንደምንለው መሆኑ ነው። የመጨረሻዋ ክ እምብዛም አትሰማም። ዓረቢኛችን የሁለታችንም የወጥ ቤት ዓረቢኛ ስለነበር፣ ማታ ማታ ሰሃን እያጠብን እሷ ኢንዶኔዥያኛዋን ታስተምረኛለች፣ እኔ በሰማያዊው ደብተር ላይ በፊደላችን እጽፋለሁ። እሷ አማርኛ ጀምራ ነበር፤ "ቡና ጠጡ" ላይ ቆመች።

ማዳም በየንግግሯ መሐል "ላዚም" ትላለች። ላዚም ይታጠባል፣ ላዚም ዛሬ ያልቃል። በዓረቢኛ የግድ ማለት እንደሆነ አረብ አገር የሠራ ሁሉ ያውቃል። በምባክ ቋንቋም ላዚም አለ፤ ከዚያው ከዓረቢኛ የሄደ ነው። ግን ባሕር ሲሻገር ለስልሶ "የተለመደ" ማለት ሆኗል። ምባክ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማዳም "ምንጣፉ ዛሬ የግድ ይታጠብ" ስትላት፣ እሷ "ምንጣፍ ማጠብ የቤቱ ልማድ ነው" ብላ ትሰማና ልማዱን ለነገ ታሳድረው ነበር። ይህን ስትነግረኝ እጇ ላይ ያለው ብርጭቆ እስኪወድቅ ነው የሳቀችው።

ሌላም አለ። ፐርሉን ያስፈልጋል ብለህ ነው የተማርከው አይደል? ሥሩን ብትቆፍረው ያው ቁርአን ቤት የምታውቀው "ፈርድ" ነው። ፈርድ ሰላት፣ የግዴታ ሰላት፣ ስንል የምንፈራው ቃል እዚያ ሄዶ ገበያ ላይ "ሽንኩርት ያስፈልገኛል" የሚባልበት ሆነ። "ይቻላል" የሚባልበት "ሙምኪን"ም እንዲሁ "ሙንግኪን" ሆኖ "ምናልባት" ማለት ሆኗል። ክብደቱን ሳይጥል የተሻገረው ዋጂብ፣ ግዴታ፣ ነው። ምባክ "እኔ ስማር ዋጂቡ ስድስት ዓመት ነበር፣ ለልጄ ዘጠኝ ሆነላት" ትለኝ ነበር። መንግሥታቸው በእነሱ አቆጣጠር በ1984 የስድስት ዓመት ትምህርትን፣ በ1994 ደግሞ የዘጠኝ ዓመቱን "ዋጂብ በላጃር" ብሎ አውጇል። እሷ ከስድስተኛ አላለፈችም፤ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ግን አንድም ወር አላሳለፈችም።

አንተም ሰፈርህ መግቢያ ላይ "ታሙ ዋጂብ ላፖር 1×24 ጃም" የሚል ሰሌዳ ሳታይ አትቀርም። እንግዳ በ24 ሰዓት ውስጥ የማስመዝገብ ግዴታ አለበት ማለት ነው። ያ የሐረር ጓደኛህ ከጃካርታ መጥቶ ሲያድር ለሰፈሩ ኃላፊ፣ ለኤርቴው፣ ተናገር። "ሃሩስ" ቢሆን ይቅር ያሰኛል፤ ዋጂብ ከሕግ ወይም ከዲን የሚመጣ ቃል ስለሆነ አትጫወትበት።

አሁን ስለ ሃሩስ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ እሱ ነው። እኛ "መሄድ አለብኝ" ስንል፣ መሄዱ ላዬ ላይ ተቀምጧል ማለታችን ነው። "ሁለት መቶ ብር አለብኝ"ም እንላለን፣ "ራስ ምታት አለብኝ"ም እንላለን። ዕዳውም፣ ሕመሙም፣ ግዴታውም በአንድ ቃል እላያችን ላይ ይጫናል። ደግሞ ሰው በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል፤ አለብኝ፣ አለብህ፣ አለባት፣ አለብን። በእነሱ ግን ሳያ ሃሩስ፣ ካሙ ሃሩስ፣ መሬካ ሃሩስ፤ እኔም አንተም እነሱም አንድ ሃሩስ ነን። ትናንትም ነገም አይለውጣትም፤ ጊዜውን የምትለየው አብሯት በሚመጣው ቃል ነው። ለመማር ቀላል ነው፤ እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ባዶ ሆኖብኝ ነበር። "ሳያ ሃሩስ ከርጃ" ስል፣ መሥራት አለብኝ ስል ማለቴ ነው፣ ምኑም ትከሻዬ ላይ አልተቀመጠም።

መስቲን ብዙ አትጨነቅባት፤ ከሃሩስ ጋር ጎረቤት ናት። አንዳንዴ እንደኛው "ደርሶ መሆን አለበት" ለማለትም ትሆናለች። ልጆቹ "ኩዱ" ሲሉ ብትሰማ ደግሞ ያው ሃሩስ ነው፣ በጃቫኛ። ግን አከራይህ ፊት እንዳትላት። ጃቫኛ እንደኛ አንተና አንቱ ብቻ ብሎ አያበቃም፣ ቃሉን ራሱን ይለውጣል፤ ለትልቅ ሰው ሲሆን ኩዱ "ከዳህ" ትሆናለች። ባለፈው እንደነገርከኝ፣ በእነሱ በ1928 የአገሩ ወጣቶች ተሰብስበው ከሁሉ ብዙ ተናጋሪ ያለውን ጃቫኛን ትተው የማላዩን "ባሃሳ ኢንዶኔዥያ" ብለው መያዛቸው ለእንዳንተ ዓይነቱ እንግዳ ትልቅ ውለታ ነው።

ቢሆንም በኢንዶኔዥያኛም ቢሆን ለትልቅ ሰው "ኢቡ ሃሩስ"፣ እማማ አለብዎት፣ አይባልም፤ አከራይህን "ኢቡ ሃሩስ ቧንቧውን ያሠሩ" ብለሃቸው ከሆነ ዝም ያሉህ ለዚህ ነው። እኛስ ብንሆን ለአያትህ "ማሠራት አለብዎት" እንላለን? "ቢያሠሩት ይሻላል" ነው የምንለው። "ሰባይክኛ" የምትባለው ቃል ይህንኑ ትሠራልሃለች። ባይክ ደግ፣ ጥሩ ማለት ነው፤ ከፊትና ከኋላ ታቅፋ "የሚሻለው" ሆነች። መጨረሻዋ ላይ ኛ አለች፤ ለእሷ እንኳ ፊደል አለን።

ኡሳህ ግን የእኔ ቃል ናት። ብቻዋን አትሄድም፣ ሁልጊዜ ከአፍራሽ ቃል ጋር ናት፤ በጨዋታ "ንጋክ ኡሳህ" ይሏታል። አንድ ረመዳን ትኩሳት ይዞኝ ነበር። ለሱሑር ምግብ ሊቀርብ ነው፣ እንግዳ ሞልቷል፣ ማዳም ላዚም እያለች ትጣራለች። እንደምንም ልነሳ ስል ምባክ በሩ ላይ ቆማ "ንጋክ ኡሳህ" አለችኝ። መነሳት የለብሽም። በአማርኛ ብትለኝ ኖሮ "ከለከለችኝ?" ብዬ እጠራጠር ነበር። እሷ ከላዬ አነሳችልኝ እንጂ አልከለከለችኝም። የሁለታችንን ሥራ ብቻዋን ሠርታ ሲነጋ ሩዝ ቀቅላ በመረቅ አመጣችልኝ።

ይህችው ቃል ለጨዋነትም ትሆናለች። ሰው ቤት ስትሄድ "ንጋክ ኡሳህ ሬፖት-ሬፖት" በል፤ "አትቸገሩ" ማለት ነው። ልክ እንደ ወሎ፣ ባለቤቱ አይሰማህም፣ ይቸገራል፤ አንተም እንደማይሰማህ እያወቅክ ነው የምትለው። ሳትልና ሳትበላ ከወጣህ ግን ሁለቱም ነውር ነው።

የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት፤ በእርግጥ ደብዳቤውን ያስጀመረችኝም እሷ ሳትሆን አትቀርም።

በ2003 ስመለስ አሥር ዓመትህ ነበር። አንድ ማታ "መሄድ ነበረብሽ?" አልከኝ። "አዎ፣ ነበረብኝ" አልኩህ። ኳስህን ይዘህ ወጣህ። ሌላ ቀን ደግሞ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት ስትገባ ያስገቡህ አያትህ መሆናቸውን ስታወራ፣ "አብሬህ መሆን ነበረብኝ" አልኩህ። ሁለቱንም በአንድ "ነበረብኝ" ተናገርኩህ። አንደኛውን አድርጌዋለሁ፣ ሁለተኛውን አላደረግኩትም። አማርኛችን ለሁለቱ አንድ ቃል ሰጥቶኝ፣ አንተ የትኛውን እንደሰማህ እስካሁን አላውቅም።

ምባክም ልጇን አራት ዓመት ሳይሞላት ነው ትታ የመጣችው። እሷ ግን አንድም ቀን አላምታታችም። ስለ መምጣቷ ስታወራ "ተርፓክሳ" ነበር የምትለው፤ ፓክሳ ማስገደድ ነው፣ ተርፓክሳ ሳይወዱ በግድ። ማኡ ቲዳክ ማኡ ትጨምርበታለች፤ ወደድኩም ጠላሁም። ስለ ልጇ ስታወራ ደግሞ "ሰሃሩስኛ"፤ መሆን የነበረበት፣ ግን ያልሆነው። ስለዚህ በእሷ ቋንቋ ልመልስልህ። ጅዳ የሄድኩት ተርፓክሳ ነው። ያን ቀን እጅህን ይዤህ መግባት ሰሃሩስኛ።

ምባክ በ2003 መጀመሪያ ለእረፍት አገሯ ገባች። በዚያው ዓመት፣ በእነሱ 2011፣ መንግሥታቸው የቤት ሠራተኛ ወደ ሳዑዲ መላክ አቆመ፤ እሷም ሳትመለስ ቀረች። እኔም ጠቅልዬ መጣሁ። የእኛዎቹም ከሁለት ዓመት በኋላ እንዲሁ አቆሙ። ስልኳ አይሠራም። የመንደሯ ስም ግን ደብተሩ ላይ አለ፣ በራሷ እጅ የተጻፈ፤ ፎቶ አንስቼ ልኬልሃለሁ። ቺላቻፕ ካንተ ከጆግጃ በባቡር ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም ብለኸኛል።

ሃሩስ አልልህም። ፐርሉም አልልህም፣ ትምህርትህ አለ። ሌላ ቃል አላቸው፣ "ቶሎንግ"፤ እርዳኝ ማለትም ነው፣ እባክህ ማለትም ነው። ቶሎንግ፣ ፈልግልኝ።

በሚመጣው ሰው ሁለት ጣሳ በሶ እልካለሁ። አንዱ ያንተና የልጆቹ ነው፣ እንደፈለጋችሁ። ሁለተኛው የምባክ ነው፤ እሱ ላይ እኔው ራሴ ጃንጋን ዲማካን ብዬ በአማርኛ ፊደል ጽፌበታለሁ። እዚያ ማንም ስለማያነበው አንተ በእነሱ ፊደል ገልብጠህ ለጥፍበት።

እናትህ
ከኮምቦልቻ