ሐረጎ ላይ ለቆማችሁልን ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው። ከዚያ ቀጥሎ ለእናንተ። ስማችሁን የማውቀው ጥቂቶቻችሁን ብቻ ነው። የአብዛኞቻችሁን ፊት እንኳ በቅጡ አላየሁም። ጉም ነበር፣ ዝናብ ነበር፣ እኔም በራሴ አልነበርኩም። በአደባባይ የምጽፈው ለዚህ ነው። ያነበበ ላላነበበ ይንገርልኝ።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ መጨረሻ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት አካባቢ ነው። አክስቴ ደሴ ላይ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ወደ ቤቷ ወደ ኮምቦልቻ እየወሰድኳት ነበር። አንድ ዓይኗ ታሽጓል። ሌላውም ሞራ ስላለበት ከብርሃን በቀር ብዙ አያይም። "በሚኒባስ እንሂድ" ብያት ነበር። "በራሴ መኪና ነው የምገባው" አለች። የራሷ መኪና ሰማያዊ ቮልስ ናት። በፈረንጆቹ የ1965 ሥሪት፣ ሞተሯ 1200። እኔ መንዳት የተማርኩባት መኪና።

ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ሐረጎን ማስረዳት አያስፈልግም። ለሌላው ግን ልናገር፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለ ቁልቁለት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ላይ ካፖርት ለብሶ የተነሳ ሰው ታች ሲደርስ ያወልቃል። ኩርባው ሌላ ኩርባ ይወልዳል። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ደግሞ የመኪናው መብራት ተመልሶ የሾፌሩን ዓይን ነው የሚመታው።

ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነበርኩ። ኩርባ ልገባ ስል ፍሬን ያዝኩ። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ድረስ ሄደና እዚያው ቀረ። ደግሜ ረገጥኩ። ባዶ ነው። ጫማዬ የወለሉን ቆርቆሮ ሲመታ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

አክስቴ አልጮኸችም። "ፍሬኑ ሄደ አይደል?" አለችኝ፣ ሰዓት ስንት ነው እንደሚል ሰው። መልስ መስጠት አቃተኝ። "ነዳጅ ሰጥተሽ ሁለት አስገቢ" አለች። አስገባሁ። ሞተሩ ከኋላችን አገሳ። መኪናዋ ያዝ አለች፣ ግን አልቆመችም። "የእጅ ፍሬኑን ጥቂት ጥቂት። አንዴ እንዳትጎትቺው፣ ትዞርብሻለች።" ያንንም አደረግኩ። "አሁን ድምፁ እስኪወርድ ጠብቂ። ጠብቂ። አንድ!"

ልብ በሉ፤ ይህች ሴት መንገዱን አታይም። ማርሹን የምታውቀው በሞተሩ ድምፅ ነበር። እኔም እጄ የታዘዘላት በዚያው መኪና ውስጥ ከብዙ ዓመት በፊት ስላሠለጠነችው ነው።

አገር ቮልስን የሚያስታውሰው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት በወጡባት መኪና ነው። እኔ ቮልስ ሲባል የሚመጣብኝ ሽታ ነው። የቤንዚን፣ የአሮጌ ቆዳና የዴቶል ሽታ። አክስቴ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ደሴ ውስጥ ሌሊት በሯ ሲንኳኳ ነጭ ጋዋኗን ትደርብና ቮልሷን ታስነሳለች። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ዕቃ የሚጫነው ከፊት። ስለዚህ የማዋለጃ ሣጥኗ ሁልጊዜ ከፊት ኮፈኑ ስር ነበር። ባለ 6 ቮልት ባትሪው ብርድ ስለማይወድ፣ በደሴ ጠዋት አልነሳ ሲላት የሰፈሩ ልጆች ገፍተን እናስነሳላት ነበር። እኔ ከመንዳት በፊት የተማርኩት መግፋት ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ "ነይ ግቢ" አለችኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሞተር አላስነሳንም። ግቢ ውስጥ በቆመች መኪና ተቀምጬ ዓይኔን እንድጨፍን ታደርገኛለች። "አንድ" ስትል አንድ፣ "ሦስት" ስትል ሦስት። የኋላ ማርሽ ሲሆን ዘንጉን ወደ ታች ተጭኖ፣ ወደ ግራ አድርጎ ወደ ኋላ መሳብ ነው። "ማርሽ የሚያይ ሾፌር መንገድ አያይም" ትላለች። የዘንጉ ጫፍ የእሷ መዳፍ ብዙ ዓመት የላገው ስለሆነ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ይለሰልሳል። አሁንም ያንን ጫፍ ከሺህ ነገር መካከል ለይቼ አውቀዋለሁ።

ሞተር የተነሳው ቦሩ ሜዳ ላይ ነው። አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ ነው። ከደሴ ገደላገደል ለወጣ ተማሪ እንዲህ ያለ የተዘረጋ ሜዳ ማየት ራሱ ዕረፍት ነው። እዚያም አንድ ልማድ ነበራት። እየነዳሁ ሳለ የፍጥነት መለኪያውን በመሀረብ ትሸፍነዋለች። "ስንት ነው የምትሄጂው?" ትለኛለች። በድምፅ መገመት አለብኝ። ቮልስ ስትጨነቅ እንዴት እንደምትጮኽ፣ ማርሽ ሲከብዳት እንዴት እንደምታጉረመርም፣ ሲቀልላት እንዴት እንደምታፏጭ ያን ጊዜ ለየሁ። ፍሪሲዮን፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ እያለች ስማቸውን ስታስጠናኝ ሁሉም የጣሊያን ቃል መሆኑን የነገረችኝም እሷ ናት። መንገዱንም ቃሉንም ትተው ሄዱ ትል ነበር።

ዳገት ላይ ማስነሳት ሲደርስ ወደ ከተማው ተመለስን። ደሴ ለዚህ የሚሆን ዳገት አይቸግራትም። ከኋላ ጎማው ስር የክብሪት ቀፎ ታስቀምጣለች። "ይህን ቀፎ ብትጨፈልቂው የሰው እግር ነው" ትለኛለች። ያን ቀን አራት ቀፎ ጨፈለቅኩ። በአምስተኛው ክብሪቱን አንስታ አንዱን እንጨት ጫረችና "ይኸው ይበራል" አለች። እንዲያ ያለ ደስታ ዩኒቨርሲቲ ስገባም አላየሁ።

መጨረሻ ላይ ሐረጎ ወሰደችኝ። "ዳገቱን በምትወጪበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረጂ። ፍሬን የሚያልቅ ነገር ነው። ማርሽ አያልቅም።" ነሐሴ ላይ ይህን ቃል ነው የረሳሁት። ያንን ቁልቁለት በሦስት መውረድ አልነበረብኝም። ሁለት ላይ መሆን ነበረብኝ።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ።

ወደ ላይ ይመጣ የነበረው የሲኖትራክ ሾፌር፣ ጋሼ፣ መጀመሪያ የማመሰግነው እርስዎን ነው። ገደሉ በቀኜ፣ ተራራው በግራዬ ነበር። መዳኛዬ በእርስዎ መስመር በኩል ነበር ማለት ነው። መብራት እያጠፋሁ እያበራሁ፣ ክላክስ እየነፋሁ ስመጣ ሌላ ሰው ቢሆን መልሶ ክላክስ ይነፋብኝ ነበር። እርስዎ ቆሙ። ከነጭነትዎ ዳገት መሐል ላይ ቆሙ። በመስኮት እጅዎን አውጥተው የተራራውን ጥግ አሳዩኝ። ዳገት ላይ የተጫነ መኪና አቁሞ እንደገና ማስነሳት ምን እንደሆነ የክብሪት ቀፎ የጨፈለቀ ሰው ያውቀዋል። በሰጡኝ ክፍተት ገባሁ። ግራ ፓራፋንጎዋ አፈሩን እየፋቀ ሄደ፣ የፊት ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገባ፣ ደረቴ መሪውን መታ። ቆምን። ከእርስዎ መኪና አፍንጫ ወደ አራት እርምጃ ቢቀረን ነው።

ረዳት የነበርከው ልጅ ደግሞ፣ ወንድሜ፣ መኪናችን በደንብ ሳትቆም ነው ድንጋይ ይዘህ የደረስከው። ጎማው ስር ስትወሽቀው የእጅህ ቆዳ ተላጠ። ደሙን አይቻለሁ። "አብሽሪ እናቴ፣ አብሽሪ" እያልክ ጃኬትህን አውልቀህ አክስቴ ላይ ደረብክ። ከዚያ በካናቴራ ብቻ በዝናብ ቁልቁል ሮጠህ ከታች የሚመጡትን መኪኖች አስቆምክ። አክስቴ ስለ አንተ ስታወራ እስካሁን ድምጿ ይለወጣል።

የሐረጎ እናቶች፣ እናንተን በምን ቃል ላመስግን? ከየት እንደመጣችሁ አላየሁም። ጃንጥላ፣ ጋቢ፣ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይዛችሁ ከጉሙ ወጣችሁ። አንዷ በነጠላዋ ደረቴን አሰረችልኝ። ሌላዋ የአክስቴ ዓይን ዝናብ እንዳይነካው በሁለት እጇ ጋርዳ ቆመች። ሚኒባስ እስኪመጣ ድረስ እጇን አላወረደችም። "ያ ረቢ" የምትለውም "እመ ብርሃን" የምትለውም አንድ ላይ ነበረች። አንዲት ትልቅ ሴት ግን አክስቴን ሳይሆን መኪናዋን ነው ያወቀቻት። ሰማያዊውን ቆርቆሮ በመዳፏ ነካ ነካ እያደረገች "ይቺ የሲስተር ቮልስ አይደለችም እንዴ? በምጥ ተይዤ ደሴ ያደረሰችኝ ይቺ ናት" አለች። አክስቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ለዓይንሽ ጥሩ አይደለም፣ አታልቅሺ እያልኩ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

የሚኒባሱ ተሳፋሪዎች፣ ቦታ ለመስጠት አራታችሁ ዝናብ ላይ ወርዳችሁ ቀራችሁ። ከመካከላችሁ አንዱ ልጅ ያቀፈ አባት ነበር። እባክዎ ይግቡ ብንለውም እምቢ አለ። ሾፌሩ መልሶ ደሴ ሲያደርሰን ሒሳብ አልተቀበለም። የሌሊት ተረኛ የነበርሽው ነርስ፣ የአክስቴን ማሸጊያ በየሰዓቱ እያየሽ "ስፌቱ አልተነካም፣ እማዬ ይተኙ" ስትያት እኔ ነበርኩ እንቅልፍ የወሰደኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

የኮምቦልቻ ጎረቤቶቻችን፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ምድጃ አላነደድንም። ቁርሱም እራቱም ከእናንተ ነው የመጣው። ቡና አፍልታችሁ ዱዓ አደረጋችሁልን፣ ጠበልም አመጣችሁልን። አክስቴ ጡረታ ስትወጣ የደሴ ብርድ ጉልበቴን በላው ብላ ነው ኮምቦልቻ የወረደችው። አሁን ሰው ሲጠይቃት ስለ ፀሐዩ አታወራም፣ ስለ እናንተ ነው።

ሜካኒካችንን ሳላነሳ ባልፍ ነውር ነው። ቮልሷን ከቦዩ አውጥቶ እስከ ጋራዡ አስጎትቶ፣ "ለሲስተር መኪና ገንዘብ አልቀበልም" ብሎ የዕቃውን ብቻ ወሰደ። የተቀደደውን ነገር መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ከፊት ጎማ ጋ ያለች የፍሬን ዘይት ጎማ ቱቦ ናት። ጎንበስ ሲያደርጋት ቆዳዋ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። የዚያ ዘመን ቮልስ የፍሬን መስመሩ አንድ ነው አለኝ። አራቱም ጎማ ከአንድ ቋት ነው የሚጠጣው፤ አንድ ቦታ ከተቀደደ አራቱም ይደርቃል። የእጅ ፍሬኑ ግን በሽቦ ስለሆነ ይተርፋል፣ እሱም የኋላዎቹን ሁለት ብቻ ነው የሚይዘው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። ማክሰኞ ዕለት ፔዳሉ ላላ ብሎኝ ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ ስረግጠው ጠጠር አለ፣ እኔም ዝም አልኩ። ዘይቱን አላየሁም። ሁላችሁንም ዝናብ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ እባካችሁ፣ ፍሬን ሲላላ ቁልቁለት አትጀምሩ። ቱቦዎቹን አስፈትሹ፣ ዋጋቸው ትንሽ ነው።

ጋሼ፣ የሲኖትራኩ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ፈለግንዎት። የታርጋውን ቁጥር ያየ የለም። ኮምቦልቻ ሲያልፉ ሰማያዊ ቮልስ ያላት ጡረተኛ አዋላጅ ብለው ቢጠይቁ የማያሳይዎት የለም። ቡናው ዝግጁ ነው። ረዳትዎንም ይዘውት ይምጡ። ጃኬቱ እኛ ጋ ነው። ጥቁር ነው፣ ግራ እጅጌው ክርኑ ላይ ተቀዶ ነበር። ኪሱ ውስጥ የነበረው ሃምሳ ብርና ሁለት የሎሚ ከረሜላ እንዳለ ተቀምጧል። አጥቤዋለሁ። እጅጌውን የሰፋችው ግን አክስቴ ናት። ባለፈው እሑድ በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ የማንንም እርዳታ ሳትጠይቅ፣ ክሩን ራሷ መርፌው ውስጥ አስገባች።