ካርታው ከጉድጓዱ ይቅደም፦ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ባለፈው በጋ የረር ተራራ ግርጌ አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ማሳው ዳር የድንጋይ ክምር አለ። ልጆች ሳለን እላዩ ላይ ስንጫወት ሽማግሌዎቹ "የጥንት ሰው ቤት ነው፣ ድንጋዩን አታንሱ" እያሉ ይቆጡን ነበር። አሁን መሃሉ ተቆፍሯል። ጉድጓዱ ወገብ ይደርሳል። ወርቅ መፈለጊያ ማሽን የያዙ ሰዎች በሌሊት መጥተው ነው አለኝ አጎቴ። አፉ ላይ ገል ተበትኗል። ገል ማሽኑን አያስጮኸውም፤ ስለዚህ ሰባብረው ጥለውት ሄደዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ገል ከዓይኔ አልጠፋም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

አዲስ አበባ ዙሪያ የጠፋ ከተማ እንዳለ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። በረራ ይባላል። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ ስሙ ተጽፏል። የነገሥታት መቀመጫ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በኢማም አህመድ ጦርነት ጊዜ ጠፋ። ሃርትዊግ ብሬተርኒትዝና ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተማው በእንጦጦ፣ በወጨጫና በየረር ተራሮች መካከል ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። ትክክለኛ ቦታው ግን በቁፋሮ አልተረጋገጠም። የአጎቴ ማሳ በዚያው ክልል ውስጥ ነው። በረራ እዚያ ነበር ማለቴ አይደለም። በዚያ ክልል የሚገኝ ማንኛውም የቆየ ክምር ሳይጠና መፍረስ የለበትም ማለቴ ነው።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ እነዚህ ሦስት ተራሮች የሚያቅፉት መሬት ካርታ በላይዳር ይነሳ።

ላይዳር ከአውሮፕላን ወይም ከድሮን ወደ መሬት የሌዘር ብርሃን ይለቃል። በሴኮንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ። ብርሃኑ ደርሶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል። አብዛኛው ቅጠል ላይ ያርፋል። የተወሰነው ግን በቅጠሎቹ መሃል ሾልኮ አፈሩን ይነካል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ዛፉን ሁሉ ያነሳና ባዶውን መሬት ያሳያል። መሬት ሰርስሮ ግን አያይም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚያየው የላዩን ጉብታና ስርጉድ ብቻ ነው። ይህም ቀላል አይደለም። የፈረሰ ግንብ ከ500 ዓመት በኋላም ቢሆን አፈሩ ላይ መስመሩን ሊተው ይችላል። በእግሩ የሚሄድ ሰው አያስተውለውም፤ ከላይ ሲታይ ግን ቁልጭ ይላል።

በጓቲማላ ደን ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነው ጥናት፣ በ2,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ60 ሺህ በላይ የማያ ሕዝብ ግንባታዎች ታይተዋል። ቤት፣ መንገድ፣ የእርሻ ቦይ፣ ምሽግ። ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት በእግራቸው የተመላለሱበት ደን ነው። የእኛም እንጦጦ ባሕር ዛፍ ለብሷል። ከሥሩ ምን እንዳለ ዛፍ ሳይቆረጥ፣ ድንጋይ ሳይነሳ ማየት ይቻላል።

ስጋትም አለኝ። ጉብታውን ለተመራማሪው ያሳየ ካርታ ለሌሊት ቆፋሪም ያሳየዋል። እንግሊዝን እንይ። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በዋናነት ለጎርፍ ሥራ ያስነሳውን የላይዳር መረጃ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በነጻ ለቆታል። ማሽን ይዘው ሳንቲም የሚፈልጉ ሰዎች ዛሬ የትኛው ማሳ ላይ እንደሚሄዱ የሚመርጡት በእሱ ነው። እነሱ ግን ከካርታው በፊት ሌላ ነገር ዘርግተዋል። እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የውድ ግኝቶች ሕግ አለ። በሕግ የተከለለ ቦታ ላይ ያለ ፈቃድ ማሽን ማዞር ወንጀል ነው። ያገኘ ሰው የሚያስመዘግብበት ሥርዓት አለ፤ ሙዚየም ሲገዛው ሽልማቱን አግኚውና የመሬቱ ባለቤት ይካፈሉታል። እንደዚያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2015 ሄርፎርድሺር ውስጥ ሁለት ሰዎች የቫይኪንግ ዘመን ሀብት አግኝተው ደበቁ። በ2019 ተፈረደባቸው። 300 ገደማ ይሆናሉ ከተባሉት ሳንቲሞች በጊዜው የተመለሱት ወደ 30 ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ የእኛ ጥሬ መረጃ መጀመሪያ በእናንተና በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት እጅ ይቆይ። ቦታዎቹ በአካል ታይተው፣ ተመዝግበው፣ ጠባቂ እስኪያገኙ ድረስ ኢንተርኔት ላይ አይውጣ። ለወረዳውና ለባለማሳው ግን አይደበቅ። ማሳው ላይ ምን እንዳለ ያላወቀ ሰው ምኑን ይጠብቃል?

ገበሬውን ሳስብ ሐርላ ትዝ ትለኛለች። በድሬዳዋ አቅራቢያ ያለች ቦታ ናት። ገበሬዎች ሲያርሱ የቻይና ሳንቲም ሳይቀር ያገኙ ነበር። የግዙፍ ሰዎች አገር ነበር ይሉ ነበር። የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ቆፈሩና እ.ኤ.አ. በ2017 የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ እንደተገኘ ተነገረ። ጥቆማው ከገበሬው ነው የመጣው። ይሓ አቅራቢያ የተገኘችው የአክሱም ዘመን ከተማ ቤተ ሳማዕቲም እንዲሁ ናት፤ ኮረብታውን ለተመራማሪዎቹ ያመለከተው የአካባቢው ሰው ነው። እዚያ የበሬ ራስ የተቀረጸበት ድንጋይ ያለው የወርቅ ቀለበት ወጥቷል። ያንን ቀለበት የሌሊት ቆፋሪ አግኝቶት ቢሆን ዛሬ የአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ወርቅ ነበር። በቦታው፣ ከአፈሩና ከገሉ ጋር በመገኘቱ ግን ስለ አክሱም ዘመን ንግድና ሕይወት የሚናገር ሆነ።

ላይዳሩ ብቻውን እንደማይበቃም አውቃለሁ። በእኛ አገር እርከኑም፣ የከብት በረቱም፣ የድንጋይ ካቡም ከላይ ሲታይ የጥንት ግንብ ሊመስል ይችላል። ይህን የሚለይ የአካባቢው ሽማግሌ ነው። አጎቴ ካቡን ማን እንደሠራው፣ የትኛው ከአያቱ በፊት እንደነበረ አንድ በአንድ ይነግራችኋል። ዕድሜው ግን ገፍቷል። የአርኪዮሎጂ ተማሪዎች ካርታውን ይዘው እንዲህ ያሉ ሰዎችን ቢያነጋግሩ ከየትኛውም ሶፍትዌር የማይገኝ ነገር ይሰበስባሉ።

ሕጉስ አለን። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋን ይከለክላል። በግንባታም በሌላ አጋጣሚም ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅ ያዛል። አጎቴ ይህን ሰምቶ አያውቅም። ጉድጓዱን ሲያይ ለማን እንደሚናገር ግራ ገብቶት ዝም አለ። እባካችሁ በቀበሌው ግድግዳ ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ አንድ ወረቀት ይለጠፍ። የሚደወልበት ስልክ ይኑረው። ሲደወልም የሚያነሳ ሰው ይኑር።

የወርቅ ማሽኑ ጨርሶ ይከልከል አልልም። በወርቅ አምራች አካባቢ ብዙ ቤተሰብ እንጀራ የሚበላበት መሣሪያ ነው። ግን ማሽን የሚሸጥለት ሰው ይህ አዋጅ መኖሩን አውቆ ይግዛ።

ከተማው በየቀኑ ወደ የረር እየሰፋ ነው። ዶዘር ከገባ በኋላ ላይዳር የሚያሳየው የዶዘሩን ዱካ ነው።

ገሉን ለቅሜ በጨርቅ ልጠቀልለው አስቤ ነበር፤ ቦታውን መልቀቅ እንደሌለበት ሳስብ ተውኩት። አሁንም ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። አጎቴ እሾህ አጥሮበታል። ባለሙያ ከላካችሁ ቅዳሜም እሁድም ቢሆን መንገዱን እኔ አሳያለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የየረር ግርጌ ልጅ