አሥራ አንድ ወር መጋዘን ውስጥ ስለቆየው ብልቃጥ፦ ለፈቃድ ሰጪው ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለምርምር የሚውሉ ኬሚካሎች ወደ አገር እንዲገቡ ፈቃድ ለሚሰጡት ኃላፊ፤
ከደሴ፣ ግንቦት

ክቡር ሆይ፣

ስምዎንም ሆነ የመሥሪያ ቤትዎን ስም በዚህ ደብዳቤ ላይ አልጻፍኩም። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ጽፌልዎታለሁ፤ ሦስቱም ደብዳቤዎች በመዝገብ ቤትዎ ገቢ ተደርገው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ የአንዱንም መልስ አላገኘሁም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለማን እንደተጻፈ እርስዎ አያጡትም። በአደባባይ ለመጻፍ የተነሣሁት ደጅ መጥናት ስላንገሸገሸኝ ብቻ አይደለም፤ ጉዳዩ ከመጀመሪያውም የእኔ የግል ጉዳይ ስላልነበረ ነው።

ነገሩ መቶ ግራም ዱቄት ስለያዘ አንድ ብልቃጥ ነው።

እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ከአንድ የአፈር ባለሙያ፣ ከአንድ ሐኪምና ከአንድ የፊዚክስ መምህር ጋር ሆነን በወሎ፣ በደላንታ ወረዳ ስለሚዘራው ጓያ ጥናት ጀምረን ነበር። ደላንታን ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልግም። ምድሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ያዝላል፤ ዝናቡ ሲያባራ ገበሬው በቀረው እርጥበት ላይ ጓያውን ይበትናል። ዝናብ ቢጎድልና ሌላው ሰብል ቢከስም ጓያ ይደርሳል፤ ብዙ ማረስ አይፈልግም፣ ማዳበሪያም አይጠይቅም። ድሃውን ገበሬ ከረሀብ የሚያወጣው ይኸው እህል ግን በውስጡ ቤታ ኦዳፕ የተባለ መርዛማ አሚኖ አሲድ አለው። ሌላ እህል ታጥቶ ለሳምንታትና ለወራት ጓያ ብቻ ከተበላ እግር ይይዛል። ማታ ደህና የተኛ ጎረምሳ ጠዋት ጉልበቱ አልታዘዝ ይለዋል። አንዳንዱ በአንድ ዱላ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ሁለት ዱላ ያስፈልገዋል፤ የባሰበት በእጁ እየዳኸ ይቀራል። መድኃኒት የለውም፤ አንዴ የያዘው እግርም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ገበሬው «ጓያ ሰበረው» ይላል፤ ከዚህ የተሻለ ስም እኛም አላገኘንለትም።

ይህ የጥንት ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት ድርቁ ሌላውን ሰብል ሲያጠፋው በደላንታና በዳውንት ይኸው በሽታ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ነበር። ሐኪሞቻችን መዝግበውት ለዓለም አሳውቀዋል። በተከታዩ ጥናታቸውም ጓያው ተቆልቶ፣ ተቀቅሎ ወይም በእሸትነቱ ሲበላ አደጋው እንደሚጨምር፣ ቦክቶ እንጀራ ሲሆን ወይም ወጥ ሲሠራበት ግን እንደዚያ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ያ ትልቅ ሥራ ነበር። የእኛ ጥያቄ ከእሱ የቀጠለ ነው፦ በአንድ ወረዳ ውስጥ፣ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ዘር ወደ ሌላው የመርዙ መጠን በምን ያህል ይለያያል? የአፈሩ ዚንክ ማነስና የድርቁ ብርታት የመርዙን መጠን ከፍ እንደሚያደርጉ የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ፤ እኛም ይህንን በገዛ መሬታችን ላይ ለክተን፣ ገበሬው ከእጁ ካለው ዘር የትኛውን ቢዘራ እንደሚሻለው ልንነግረው ፈለግን።

ብልቃጡ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ውስጡ ያለው ኦርቶ ፍታላልዴሃይድ ይባላል። ዘሩ ይፈጫል፤ መርዙ በአልኮል ይወጣል፤ የወጣው ከፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ግማሽ ሰዓት በፈላ ውኃ ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ ይህ ኬሚካል ሲጨመርበት ቢጫ ይሆናል። ቢጫው በደመቀ መጠን መርዙ በዝቷል ማለት ነው፤ ድምቀቱንም ስፔክትሮፎቶሜትር የተባለው የብርሃን መለኪያ መሣሪያ በ420 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ያነበዋል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ ነው፤ ረቂቅ መሣሪያ አይጠይቅም፤ በእኛ አቅም የሚሠራ ሥራ ነው። በጦርነቱ ወቅት የላቦራቶሪያችንን ዕቃ በሙሉ ከሞላ ጎደል ካጣን በኋላ አንድ አሮጌ ስፔክትሮፎቶሜትር አግኝተን፣ የፊዚክሱ ባልደረባዬ መብራቱንና የኃይል ማስተላለፊያውን ሁለት ወር ሙሉ ከራሱ ደመወዝ ዕቃ እየገዛ ጠግኖታል። የጎደለን ያ ብልቃጥ ብቻ ነበር።

ብልቃጡ ኅዳር 8 ቀን አዲስ አበባ ደረሰ። ማሸጊያው ላይ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ውስጥ እንዲቀመጥ በትልቁ ተጽፎበታል። የተቀመጠው ግን ከጣራው ሥር ከተደረደረ ሌላ ጭነት ጋር ነው። የእርስዎ ፊርማ እስኪገኝ ድረስ ማንም ሊያነሣው አይችልም ተባልን፤ ፊርማዎ የተገኘው በተከታዩ ዓመት ጥቅምት 6 ቀን ነው።

በእነዚህ አሥራ አንድ ወራት ውስጥ አራት መቶ ኪሎ ሜትሩን አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ኬሚካሉ ፈንጂ አለመሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከተቋሜ እንዳመጣ ታዘዝኩ፤ አመጣሁ። በሁለተኛው የአምራቹ ምስክር ወረቀት ቅጂ ሳይሆን ዋናው ይምጣ ተባልኩ፤ እሱም በስንት ልመና መጣ። በሦስተኛው ፋይሉ አልተገኘም። በአራተኛው ፋይሉ ተገኘ፤ ጉዳዩን የያዙት ባለሙያ ግን ፈቃድ ላይ ስለነበሩ የሚያየው ሰው ጠፋ። ያን ቀን ፋይሌን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ሽፋኑ በፀሐይ ነጥቶ፣ የሻይ ብርጭቆ ክብ ምልክት ታትሞበት ተቀምጦ ነበር። ከዚያው መስኮት አጠገብ ግድግዳው ላይ የመሥሪያ ቤትዎ የዜጎች ቻርተር ተሰቅሏል። ለምርምር የሚውል ኬሚካል ፈቃድ ማመልከቻው በተሟላ በአሥር የሥራ ቀናት እንደሚሰጥ ይላል። እርስዎ የፈረሙበትን ሰነድ ለእርስዎ መጥቀስ አይገባኝም ነበር፤ ግን ሌላ ምን ልጥቀስ?

ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ተዘጋ፤ ያልተጠቀምንበት የምርምር ገንዘብ ተመላሽ ተደረገ። ለመስክ ሥራ የቀጠርናቸው ሁለት ወጣቶች ተሰናበቱ። መስከረም ገባ፤ ገበሬው ዘራ።

ብልቃጡን ስንከፍተው ፈዛዛ ቢጫ መሆን የነበረበት ዱቄት ጠቁሮና ጓል ሠርቶ አገኘነው። ያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጥንም፤ ሞከርነው። ምንም ዓይነት ዘር ያልገባበት፣ ለማነጻጸሪያ የተዘጋጀው ፈሳሽ ራሱ ቀለም ሰጠ። ባዶው ቢጫ ከሆነ የቀረው ንባብ ሁሉ ዋጋ የለውም። ባልደረባዬ ማሽኑን አጠፋው፤ ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ አንድ ቃል አልተነፈስንም።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ስለ አንዲት እናት ልንገርዎ። ናሙና ልንሰበስብ መንገዱ ሰላም በሆነበት አንድ የጥር ሳምንት ከደላንታዋ ከተማ ከወገልጤና ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ ቤታቸው ገብተን ነበር። የመጨረሻ ልጃቸው በሁለት ዱላ ይሄዳል። ጓያ በሚቀቀልበት ጊዜ እንፋሎቱ እንዳይነካቸው ብለው ሕፃናቱን ከቤት ያስወጣሉ፤ በአካባቢው ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል። እንፋሎቱ እንደማይጎዳ፣ ዘሩን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ግን መርዙን እንደሚቀንስ ነገርናቸው፤ በጥሞና ሰሙን። ከዚያ ከሁለት የተለያየ ጎታ አንዳንድ እፍኝ ዘር አምጥተው፣ አንዱን በነጠላቸው ጫፍ፣ ሌላውን በአሮጌ ጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። አንዱ ከእናታቸው የወረሱት ነው፤ ሌላው ከገበያ የተገዛ። «የትኛው ነው ደህናው? ልጄ፣ ሌላ አልጠይቅህም፤ እሱን ብቻ ንገረኝ» አሉኝ። ከመስከረም በፊት እንደምመልስላቸው ቃል ገባሁ።

ባለፈው ታኅሣሥ ባዶ እጄን ተመልሼ ሄድኩ። ሁለቱንም ዘር ደባልቀው ዘርተውት አገኘኋቸው፤ ማሳቸው በአበባ ሰማያዊ ሆኗል። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «አብሽር ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ» አሉኝ። እኔን ሊያጽናኑኝ! ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ቃል ነው፤ ይህንን ደብዳቤ የጻፈውም እሱ ነው። መጽናናት የነበረባቸው እሳቸው ናቸው፤ መልስ መስጠት የነበረብዎትም እርስዎ ነዎት።

የወሎ ዘር በገዛ አገሩ ሳይመረመር ሲቀር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ገበሬያችን እሸቱ በጣም የሚጣፍጥን አንድ የማሽላ ዓይነት «ወተት በጉንጬ» ሲል ሰይሞት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ በሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ዘሮችን መርምረው፣ ላይሲን በተባለው ለሰውነት ግንባታ አስፈላጊ በሆነ ንጥረ ነገር እጅግ የበለጸጉ ሁለት ዘሮች ማግኘታቸውን አስታወቁ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ፣ ከወሎ የሄዱ ነበሩ። ገበሬው በምላሱ የለየውን እነሱ በላቦራቶሪ አረጋገጡት። በዚያው ዓመት የወሎ ሕዝብ በረሀብ እያለቀ ነበር። ተመራማሪዎቹን አልወቅስም፤ ሥራቸው የሚመሰገን ነው። የሚቆጨኝ መመርመሪያ ኬሚካል ያኔ ደሴ ላይ አለመኖሩ ነው፤ ይህን ያህል ዘመን አልፎ ዛሬም መጋዘን ውስጥ መበላሸቱ ደግሞ ከቁጭት ያለፈ ነው።

ቁጥጥሩን አልቃወምም። የሚያቃጥልና የሚመርዝ ነገር ያለ ፈቃድ እንዳይገባ መከልከል ተገቢ ነው፤ በሙያዬ ከማንም በላይ የማውቀው ነው። ነገር ግን ፀረ ተባይ መድኃኒት በየገበያው በውኃ ጠርሙስ እየተገለበጠ ያለ ምንም መግለጫ ለገበሬው ሲሸጥ የሚጠይቅ በማይታይበት አገር፣ ተቀባዩ፣ መጠኑና ዓላማው ተጽፎ የቀረበ መቶ ግራም አሥራ አንድ ወር ሲታገት የሕዝብ ደኅንነት ተጠበቀ ሊባል አይችልም። ኬሚካል እንደ ጨርቅና እንደ ጫማ አይደለም፤ ቀን ይቆጠርበታል። እርሻም ቀን ይቆጠርበታል። ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ጥናት በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወቅት ሲያልፍበት የሚጠፋው ወረቀት አይደለም።

ለላቦራቶሪ የሚውሉ አነስተኛ መጠን ያላቸው ኬሚካሎች ከንግድ ጭነት ተለይተው እንዲታዩ፣ ቅዝቃዜ የሚፈልጉት ፈቃዳቸው እስኪያልቅ በማቀዝቀዣ እንዲቆዩ፣ ጉድለት ካለም በአንድ ጊዜ ተዘርዝሮ በጽሑፍ እንዲነገረን በየካቲቱ ደብዳቤዬ ጠይቄአለሁ። አሁን አልደግመውም፤ ደብዳቤው እጅዎ ላይ ነው።

በባልደረቦቼ መዋጮ ያዘዝነው የሁለተኛው ብልቃጥ ማመልከቻም ከዚያው ደብዳቤ ጋር ገብቷል። የጠየቃችሁት ሰነድ ሁሉ ተያይዟል፤ የአምራቹ ምስክር ወረቀትም ዋናው ነው። ስድሳ ሁለት የዘር ናሙናዎች፣ ከእነሱም መካከል በነጠላ ጫፍና በአሮጌ ጨርቅ የተቋጠሩት ሁለቱ፣ ላቦራቶሪያችን ውስጥ በየስማቸው ተቀምጠዋል። ሥራው ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ደላንታ ላይ ጓያ የሚዘራው መስከረም ሲያልቅ ነው። ፈቃዱን ወይም የተከለከልኩበትን ምክንያት በፊርማዎ የተረጋገጠ አድርገው እስከ ሐምሌ መጨረሻ እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ፤ የትኛውም ቢሆን እዚያች ቤት ሄጄ አነበዋለሁ።

የኬሚስትሪ መምህር፣ ደሴ