እማዬ፣ ጆሮሽን ለእርጅና አትተይው

እማዬ፣

እንደምን ነሽ? ይህን በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ግን ያልሰማሽውን በግምት እየሞላሽ "እሺ፣ እሺ" ብለሽ ስለምትዘጊብኝ ብጽፈው ይሻላል አልኩ። በቀደም "ሐኪሙ ምን አለሽ?" ስልሽ "ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሃል" አልሽኝ እኮ!

"እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል" ትያለሽ። ሊሆን ይችላል። ግን አንቺ የታይሮይድ ማነስ አለብሽ፤ ስለዚህ ሁሉንም በዕድሜ ማላከክ አይዋጥልኝም።

አንገትሽ ላይ ያለችው ዕጢ የምታመነጨው ሆርሞን ሲያንስ ሰውነት በሙሉ ይቀዘቅዛል። ድካሙ፣ ብርድ ብርድ ማለቱ፣ የሆድ ድርቀቱ፣ የድምፅሽ መጎርነን፣ ሁሉም ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ጆሮም ከዚህ አያመልጥም። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን ተቀብለው ለነርቭ የሚያቀብሉ ጥቃቅን ሴሎች አሉ፣ እነሱ ደግሞ ብዙ ጉልበት የሚፈልግ ሥራ ነው የሚሠሩት፤ ሆርሞኑ ሲጎድል ይህ ሥራ ሊዳከም ይችላል። አንዳንዴም ከመካከለኛው ጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚወርደው ቱቦ ያብጥና ጆሮ የተደፈነ ይመስላል። ጭው የሚልብሽም ከዚሁ ጋር ሊያያዝ ይችላል። የታይሮይድ ማነስ ያለበት ሁሉ መስማት ያቅተዋል ማለቴ አይደለም፣ የሚያጋጥማቸው ግን አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ያለና በሁለቱም ጆሮ የሚመጣ ነው።

ችግሩ፣ እርጅናም የሚመጣው በሁለቱም ጆሮ ነው፣ ያውም ቀስ እያለ። መጀመሪያ የሚያጠፋው ቀጫጭን ድምፆችን ነው፤ "ስ" እና "ፍ" ይጠፉና ሰው ሁሉ የሚያጉረመርም ይመስላል። አንቺም "ጮክ በሉ" ሳይሆን "አጥርታችሁ ተናገሩ" ነው የምትይን፣ ልብ ብያለሁ። ስለዚህ በግምት መለየት አይቻልም። እኔ የምፈልገው የመስማት ምርመራውን አሁን እንድታደርጊ ነው። ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ መጀመሪያ ኩክ እንዳለ ይይልሽ (ስንቱ ሰው በኩክ ብቻ ደንቁሮ ይኖራል)፣ ከዚያ ይለኩሽ። ታይሮይድሽ በልክ መሥራቱን የሚያሳየውን፣ ቲኤስኤች የሚባለውን የደም ምርመራሽንም አብረሽ አሠሪ። የመድኃኒቱ መጠን ተስተካክሎ ሲረጋጋ ደግሞ ጆሮሽን እንደገና ትለኪያለሽ፤ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ስናይ ቢያንስ ለውጥ መኖሩን እናውቃለን።

መድኃኒቱን በተመለከተ ትንሽ ልጨቅጭቅሽ። ሌቮታይሮክሲን፣ ማለትም የጎደለውን ሆርሞን የሚተካልሽ ኪኒን፣ የሚወሰደው በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ነው፤ ከቁርስና ከቡና በፊት ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ጠብቂ። ለአጥንትሽ የምትወስጂውን ካልሲየም አብረሽ አትዋጪው፣ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል፤ ቢያንስ 4 ሰዓት ይራራቁ። መጠኑ ከተቀየረ ደሙ የሚታየው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ስለሆነ በሳምንቱ "ምንም አልፈየደኝም" እንዳትይ። ቶሎ ልዳን ብለሽ ደግሞ በራስሽ እንዳትጨምሪ፤ ሲበዛ ልብሽንም አጥንትሽንም ይጎዳል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መድኃኒቱ ጆሮሽን ላይመልሰው ይችላል። መስማታቸው የተሻሻለ ሰዎች አሉ፣ ያልተሻሻለም አሉ። ካልተሻለሽ የመስሚያ መሣሪያ ታደርጊያለሽ፣ አለቀ። "ሰው ምን ይለኛል" የሚለውን እንዳላነሳሽ፤ መነጽር ስታደርጊ ማን ምን አለሽ?

አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ አንዱ ጆሮሽ በድንገት፣ በአንድ ቀን ወይም በ2 እና 3 ቀን ውስጥ ጥፍት ካለ፣ የታይሮይዱ ነው ብለሽ አትጠብቂ። ያ ድንገተኛ ነው፣ ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር ነው የሚጠቅመው። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ለእኔ መንገድ ላይ ሆነሽ ትደውያለሽ።

ቀጠሮውን ስትይዢ በጽሑፍ ላኪልኝ። ውጤቱንም ፎቶ አንስተሽ ላኪው፣ "ደህና ነው አሉኝ" ብቻ አልቀበልም።

ልጅሽ