የኢኔስን ነገር አንቺው ፍረጂ

እህትዓለም፣

እንዴት ነሽ? እማማ እንዴት ናቸው? ያ እግራቸው ተሻላቸው?

መጥፋቴን አውቃለሁ። ምክንያት አልደረድርም። ሥራ ነው፣ ልጆች ናቸው፣ ከዚያ ደግሞ «ነገ እደውላለሁ» እያሉ ማሳደር ነው። ይቅር በይኝ በቃ። አንቺም ብትሆኚ ጠፍተሻል፤ እኔ ግን እብሳለሁ። አሁን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ጉዳዩን የጀመርሽው አንቺ ስለሆንሽ ማምለጥ አትችዪም።

ትንሿ ልታገባ ነው! አዎ፣ ያቺ አልጋችን ሥር ተደብቃ ወሬያችንን ስትሰማ የነበረችው። ሊዝበን ከሄደች ወዲህ እንዴት አድርጋ እንዳደገች ብታያት! ልጁ አበሻ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሰው አክባሪ። እማዬ እንኳ በስልክ አነጋግራው «ይኼስ ሰው ነው» አለች። የእማዬን አፍ ታውቂዋለሽ፤ ከሷ ይህ መመረቅ ነው።

ታዲያ ሙሽሪት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «በመልሱ እራት ላይ የፔድሮንና የኢኔስን ታሪክ ጽፈሽ አንብቢልኝ።» ያንን ያንቺን ታሪክ! መብራት በጠፋ ቁጥር እኛ ቤት ጧፍ አብርተሽ የምታወሪውን። የፖርቱጋሉ ንጉሥ ፔድሮ የሞተች ፍቅሩን ኢኔስን ከመቃብር አውጥቶ፣ ዙፋን ላይ አስቀምጦ፣ ዘውድ ደፍቶላት፣ መኳንንቱን ሁሉ የበሰበሰ እጇን ያሳማቸውን። ልጅቷ እሱን ይዛ አድጋለች። «እንደ ፔድሮ የሚወደኝ አገኘሁ» ነው የምትለኝ። እኔ ደግሞ ይህን በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር ሆዴን ይከነክነኛል።

ባለፈው ልጠይቃት ስሄድ ከሊዝበን ወደ ሰሜን አልኮባሳ የሚባል ከተማ ይዘውኝ ሄዱ። ገዳሙ ውስጥ የሁለቱም መቃብር አለ። ወዳጄ፣ ምን ልበልሽ፤ ቆሜ ቀረሁ። ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ግን እንደ ዳንቴል ነው የተፈለፈለው። ፔድሮ ሰይፉን ይዞ ተጋድሟል፣ እግሩ ሥር ውሻው አለ። እሷ ከፊት ለፊቱ። ስድስት መላእክት ከበዋት ደግፈው ያነሷት ይመስላሉ። በአንድ እጇ የአንገት ጌጧን ነክታለች፤ ሌላው ጓንት ይዟል። የሬሳ ሣጥኗን የተሸከሙት ግማሽ ሰው ግማሽ አውሬ የሆኑ ፍጥረቶች ናቸው። ናፖሊዮን ጊዜ የፈረንሳይ ወታደሮች ወርቅ አለ ብለው ይሁን ምን ይሁን ሰባብረውታል፤ ስብራቱ እስከ ዛሬ ይታያል። እና ጭንቅላቷ ላይ ዘውድ አለ። የድንጋይ ዘውድ።

ከዚያ ከተመለስኩ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ፤ እንቅልፍ እስኪነሳኝ። ያገኘሁትን ልንገርሽና አንቺ ፍረጂ። (ቀኑንም ዓመቱንም እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ።)

እውነቱ ይህ ነው። ኢኔስ ደ ካስትሮ ከፖርቱጋል በስተሰሜን ያለችው የጋሊሲያ መኳንንት ልጅ ናት። በ1340 ገደማ የአልጋ ወራሹ የፔድሮ ሚስት የኮንስታንሳ ደንገጡር ሆና ፖርቱጋል ገባች። ፔድሮ ወደዳት። አባቱ ንጉሥ አፎንሶ 4ኛ በ1344 ከአገር አስወጣት። ኮንስታንሳ ከሞተች በኋላ ፔድሮ መልሶ አመጣት፤ አብረው ኖሩ፤ አራት ልጆች ወለዱ፤ አንዱ በሕፃንነቱ ሞተ። ጥር 7 ቀን 1355 ኮይምብራ ላይ አንገቷ ተቆረጠ፤ በንጉሡ ትእዛዝ። በዚያው ከተማ የነበረ አንድ ገዳም መዝገቡ ላይ ይህንኑ ጽፎታል። በላቲን፣ አንድ መስመር። ልመና የለ፣ ልጆቿን አቅፋ መውደቅ የለ። ያንን ሁሉ ገጣሚዎች ናቸው የጨመሩት። እኔ ግን ያቺን አንድ መስመር ሳነብ ነው ያለቀስኩት።

ለምን ገደሏት? እዚህ ላይ ያንቺ ታሪክ ክፉ አማት ብቻ ነበር ያስቀመጠው። ነገሩ የዙፋን ነው። የኢኔስ ወንድሞች የፔድሮን ጆሮ ይዘው ነበር፤ በጎረቤቱ መንግሥት በካስቲል ሽኩቻ ውስጥ ሊያስገቡት ይፈልጋሉ። ሽማግሌው ደግሞ የኮንስታንሳ ልጅ፣ ትንሹ ፈርናንዶ፣ በኢኔስ ልጆች እንዳይገፋ ፈራ። ሦስት አማካሪዎች «ይቺ ሴት ትወገድ» አሉ። ተወገደች። ምንም ሳታደርግ። ጥፋቷ መወደዷ ነው፤ እና የማን ልጅ፣ የማን እህት እንደሆነች።

ፔድሮ በአባቱ ላይ ጦር አነሳ፤ በዓመቱ አጋማሽ ታረቁ። በ1357 አባቱ ሲሞት ነገሠ። ከዚያ ነው በቀሉ። አማካሪዎቹ ካስቲል ሸሽተው ነበር፤ እሱ አገሩ ውስጥ የተጠጉ የካስቲል ስደተኞችን አሳልፎ ሰጥቶ ሁለቱን ተቀበለ። ሳንታሬም ላይ ልባቸውን አስወጣ፤ የአንዱን በደረቱ፣ የአንዱን በጀርባው በኩል። እሱ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር። ይህ ተረት እንዲሆን በጣም ተመኝቼ ነበር፤ ግን ታሪክ ጸሐፊው ፈርናኦ ሎፔስ ጽፎታል። የተማጠኑትን ሰዎች በሰው ለውጦ ስሙን አጎደፈ ብሎም ይወቅሰዋል። ሦስተኛው አመለጠ። ፔድሮ በ1367 ሊሞት ሲል ይህን ሰውዬ ይቅር አለው። ይህቺን ማንም አያወራትም! ለመልስ እራት የሚሆነው እኮ ይሄ ነበር።

ዘውዱስ? የለም፣ እህቴ። ሬሳ ዙፋን ላይ አልተቀመጠም። ሎፔስ ልብ መውጣቱን ያልደበቀ ሰው ይህንን ቢሰማ ኖሮ ይዘለዋል? ያለው ሌላ ነው። ፔድሮ አፅሟን ከኮይምብራ ወደ አልኮባሳ አዛወረ። መንገዱ 17 ሊግ ነው (ሊግ የድሮ የርቀት መለኪያ ነው)፤ ዳርና ዳሩን ሻማ የያዙ ሰዎች ተሰልፈው፣ በመካከላቸው በታላቅ ክብር አለፈች ይላል። መቃብሩን ሲገልጽ ደግሞ ምስሏ ላይ «እንደ ንግሥት» ዘውድ እንዳለ ይጠቅሳል። በቃ። በ1572 የታተመው የታላቁ ገጣሚያቸው ሥራ «ከሞተች በኋላ ንግሥት ሆነች» አለ። በ1577 አንድ የስፔን ተውኔት መድረክ ላይ በእውን አነገሣት። ከዚያ እጅ መሳሙ መጣ፣ መበስበሱ መጣ፣ በመጨረሻም ያንቺ ጧፍ መጣ።

መቃብሮቹ እግር ለእግር የሆኑት በትንሣኤ ቀን ሲነሱ መጀመሪያ እንዲተያዩ ነው ያልሽኝስ? እሱም የለም። መጀመሪያ ጎን ለጎን ነበሩ። እንዲህ ያዞሯቸው ከዘመናት በኋላ ነው፤ አሁን ያሉበት ቦታ የተቀመጡት ደግሞ በ1950ዎቹ። ኮይምብራ ያለው የእንባ ምንጭ ድንጋዩ የቀላው በደሟ አይደለም፤ የውሃ አልጌ ነው። ይህን ለትንሿ ስነግራት ተኮሳተረች። «አንቺ ሁሉን ነገር ታበላሺያለሽ» አለችኝ። አላበላሽም እኮ! የድንጋይ ዘውድ ያነሰ ነው እንዴ? አንድ ሰው ምርጥ ጠራቢዎችን ሰብስቦ፣ የገዛ መቃብሩን ከጎኗ አሠርቶ፣ በሕይወቷ ያልሰጣትን ዘውድ ማንም እንዳያወልቀው በድንጋይ ሲያደርግላት። ለኔ ይሄ ከሬሳው ታሪክ ይበልጣል። ሬሳው ያስፈራል፤ ይሄ ግን ያማል።

አሁን ወደሚያጣላን ነገር ልምጣ። ተጋብተዋል ወይ?

ፔድሮ በ1360 ካንታኜዴ ላይ ምሎ ተናገረ፤ ከ7 ዓመት ገደማ በፊት ብራጋንሳ ውስጥ በድብቅ አግብቻታለሁ አለ። ያጋባቸው ጳጳስም መሰከረ። ቀኑን ግን አያስታውሱም። ወሩንም። ሎፔስ ይህን ሲጽፍ እንዴት ተደርጎ ብሎ ይጠራጠራል። እኔም መጀመሪያ ከሱ ጋር ነበርኩ። የሠርጉን ቀን የማያስታውስ ወንድ እንኳ ይኖራል፤ ግን ባሏ ለመሆን አባቴን ደፍሬ አገባኋት የሚል ሰው? በኋላ አንድ ነገር ሳነብ ቆም አልኩ። ሎፔስ የማን ጸሐፊ ነው? በ1434 ታሪክ እንዲጽፍ የሾመው ንጉሥ ዱዋርት ነው። ዱዋርት የንጉሥ ጆአኦ ልጅ ነው። ጆአኦ ደግሞ የፔድሮ ልጅ ነው፤ ግን ከኢኔስ አይደለም። ቴሬሳ ሎሬንሶ ከምትባል ሴት፣ በ1357 የተወለደ። ኢኔስ በሞተች በሁለት ዓመት ከጥቂት ወር።

ገባሽ? ኢኔስ ሕጋዊ ሚስት ከሆነች ልጆቿ ጆአኦን ይቀድሙታል። በ1385 ኮይምብራ ላይ ንጉሥ ሲመረጥ የጆአኦ ጠበቃ የተከራከረው ይህንኑ ነው፤ ጋብቻው የለም፣ ልጆቹም ዲቃላ ናቸው ብሎ። አሸነፈ። እንግዲህ ጋብቻው ነበር የሚለው ባሏ ነው፤ ልጆቹ እንዲከበሩ ይፈልጋል። አልነበረም የሚሉት ዙፋኑን የወሰዱት ናቸው። ሁለቱም ወገን ጥቅም አለው። እኔ የመሰለኝን ልንገርሽ? አንድ ዓይነት ቃል ኪዳን በመካከላቸው ነበር። በጳጳስ ይሁን በራሳቸው፣ አላውቅም። ግን ዓመታት አብረው ኖረዋል፣ ልጆች አሳድገዋል፤ ጠዋት ምን ይባባሉ እንደነበር፣ ልጅ ሲታመም ማን ሌሊት እንደተነሳ የጻፈ የለም። ትንሿ እንድትሰማ የምፈልገው እነዚያን ዓመታት ነው። ወሬ የሚወደው ሞትን ነው። ሠርግ ላይ ግን ሰው ከሞተ በኋላ ስለሚደረግለት ነገር ለምን ይነበብላታል? በሕይወት ሳለች ይውደዳት፤ በሕይወት ሳለች ይቁምላት። የከነከነኝ ይህ ነው። ልጁን ማማቴ አይደለም፤ እግዜር ያውቃል እወደዋለሁ።

ለማንም ያልነገርኩትን ላንቺ የምጽፈው ለምን እንደሆነ... እንዴት ልበለው። በወሬ ተድረሽ በወሬ የተፈታሽ አንቺ ነሽ። ያኔ ካምፓስ ውስጥ ስላንቺና ስለሱ የተባለው፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ሆኖ አንቺ መጨረሻ ላይ የሰማሽው። እውነተኛው ከወሬው በጣም ያነሰ፣ በጣምም ያማረ እንደነበር እኔ አውቃለሁ። አብሬሽ ነበርኩ። እና ስለ ኢኔስ ሳነብ በየገጹ አንቺን ነበር የማስበው። ከዚህ በላይ አልልም፤ ካልፈለግሽ ዝለዪው።

ሌላው ወሬ ይቆይ። ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ትልቁ አንቺን በፎቶ ብቻ ነው የሚያውቅሽ። ይህም ያሳፍራል።

ጽሑፉን ጨርሻለሁ፤ ዘውዱን ድንጋይ ላይ፣ ሻማዎቹን መንገድ ላይ ትቻቸዋለሁ። ልብ ማውጣቱን አስወጥቻለሁ፤ ሰው ምግብ እየበላ ነው። የቀረችኝ ቴሬሳ ናት። እሷን ካነሳሁ የሙሽሪት ፊት ይጠቁራል፤ «አያችሁ፣ በሁለት ዓመቱ ረሳት» የምትል አክስትም አትጠፋም፤ የትኛዋ እንደሆነች ታውቂያለሽ። ካላነሳሁ ደግሞ ያቺ ሴት እንደገና ተረስታ ቀረች። ልጇ እኮ ቀላል ሰው አይደለም። በ1487 መልእክተኛውን ፔሮ ዳ ኮቪልሃን ወደ እኛ አገር የላከው ንጉሥ ጆአኦ 2ኛ ከዚሁ ልጅ ዘር ነው፤ ሰውየውም በአፄ እስክንድር ዘመን ገብቶ እዚሁ ቀርቷል። እኛ ታሪካቸውን ቀድመን ያገኘነው በሷ ልጆች በኩል ነው።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ጥሪው ይደርስሻል፤ አለመምጣት የለም። እስከዚያ ግን ይህን ብቻ መልሺልኝ፣ በድምፅ ቢሆንም በጽሑፍ፦ ቴሬሳን ላስገባት ወይስ ልተዋት?

ያንቺው