ሳልመልስልህ የቀረሁት መልእክት

ወዳጄ፣ ለጤናህ እንደምን ከረምክ? ቤተሰቡስ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ።

ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼብህ ዛሬ ድንገት ስጽፍልህ ግራ ሊገባህ ይችላል። «ላፕቶፔን አፕዴት አድርጌ ሪስታርት ሳደርገው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ፣ ምን ላድርግ?» ያልከኝ መልእክት እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። ያን ሰሞን ሥራ ወጥሮኝ ነበር። ነገ እመልስለታለሁ ስል ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱም ወር ሆነ፣ ከዚያ በኋላ አፍሬ ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ።

ባለፈው ሳምንት ያው ነገር እኔም ላይ ደረሰ። ማታ አፕዴት አደረግኩ፣ ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ ሲስተም እምብርት፣ ከ6.8 ወደ 6.11 ከፍ አለ፣ ሪስታርት አልኩት። አርማው ብቅ ብሎ ጠፋ። ከዚያ ጥቁር ስክሪን፣ ግራ ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። ያቺን ሰረዝ እያየሁ አንተ ትዝ አልከኝ። ብቻህን ነው ከሷ ጋር የተፋጠጥከው።

እስካሁን ፎርማት ካላደረግከው፣ እባክህ አታድርገው። ፋይሎችህ አልጠፉም። የተበላሸው ዴስክቶፑ ነው፤ ዴስክቶፕ ደግሞ ሊኑክስ ላይ ከሥር ያለው ሲስተም ከተነሳ በኋላ የሚከፈት ፕሮግራም ነው። ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጫን። በጽሑፍ ብቻ የሆነ መግቢያ ከመጣልህ ማሽኑ በሕይወት አለ ማለት ነው። ፓስወርድህን ስትጽፍ ፊደል አይታይም፣ አትደንግጥ፣ እየተቀበለህ ነው። እኔ እዚያ ገብቼ የፎልደሮቼን ስም አንድ በአንድ ሳይ ነው ትንፋሼ የተመለሰው።

መጀመሪያ የዲስኩን ቦታ አየሁ። በተለይ ቡት የሚባለው፣ ማሽኑ የሚነሳባቸው ፋይሎች ያሉበት ክፍል ጢም ብሎ ከሞላ አዲሱ ከርነል በግማሽ ገብቶ ይቀራል። የኔ በቂ ቦታ ነበረው።

ከዚያ ሪስታርት አድርጌ፣ የትኛው ከርነል እንደሚነሳ የሚያስመርጠውን የግራብ ሜኑ ለማምጣት ገና ሲነሳ ኢስኬፕን አንዴ ነካሁ። በድሮ ማሽኖች ሺፍትን ተጭኖ መያዝ ነው። ኢስኬፕን ደጋግመህ ከመታኸው ሜኑውን አልፎ ትእዛዝ መጻፊያ ውስጥ ይከትሃል፣ እሱን ተጠንቀቅ። የግራብ ሜኑ ሲመጣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለው ውስጥ ግባ። አፕዴቱ አዲሱን ከርነል ሲያስገባ የቀድሞውን ወዲያው ስለማይጥለው ሁለቱም እዚያ ተደርድረው ታገኛቸዋለህ። 6.8ን መረጥኩ። ዴስክቶፑ ምንም እንዳልተፈጠረ ከች አለ!

አሮጌው ከሠራ ችግሩ አዲሱ ላይ ነው፣ ፍለጋው በጣም ጠበበልኝ። የግራፊክስ ካርዴ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ከርነሉ በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ መገንባት አለበት። ይህን በራሱ የሚሠራው ዲኬኤምኤስ የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ግን ለግንባታው የሚያስፈልጉት፣ የዚያው ከርነል ሄደርስ የሚባሉት ፋይሎች ከሌሉ ምንም ማድረግ አይችልም። ሁኔታውን ስጠይቀው 6.8ን ብቻ ጠራልኝ፣ 6.11 የለም። የጎደለውን ሄደርስ አስገባሁ፣ ድራይቨሩ ተገንብቶ እስኪያልቅ ጠበቅኩ፣ ሪስታርት አደረግኩ። በአዲሱ ከርነል ገባሁ።

ያንተ ምክንያት ሌላ ሊሆን ይችላል። ባትሪ አልቆ አፕዴቱ መሃል ላይ ተቋርጦብህ ከሆነ፣ በዚያ የጽሑፍ መግቢያ ገብተህ ፕሮግራሞችን የሚያስገባው ዲፒኬጂ የጀመራቸውን ፓኬጆች እንዲጨርስ ማዘዝ ነው። ፓስወርድ አስገብተህ መልሶ እዚያው መግቢያው ላይ የሚጥልህ ከሆነ ደግሞ ከርነሉን ተወው፤ ብዙ ጊዜ ሆም ፎልደርህ ውስጥ ባለቤትነቱ ካንተ ወደ ሩት፣ ማለትም ወደ ሲስተሙ አስተዳዳሪ፣ የዞረ ፋይል አለ፣ ወይ ዲስኩ ሞልቷል። ባትለየውም ጆርናልሲቲኤል የሚባለው ትእዛዝ ያለፈውን አነሳስ መዝገብ ያሳይሃል፣ በቀይ የተጻፉትን መስመሮች ብቻ ብትልክልኝ ይበቃኛል።

ላፕቶፑ አሁንም አለህ? ካለህ ዛሬ ማታ ከፍተህ የግራብ ሜኑውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። በየትኛውም ሰዓት ይሁን፣ እጠብቃለሁ።