የባሕር ሕይወት ክበብ ዘገባ፦ ቀዳዳዋ ዛጎል

ዘንድሮ ክበባችን 28 አባላት ነበሩት። ለታችኞቹ ክፍሎች ሁለት ጊዜ አኳሪየሙን አስጎብኝተናል፤ የግድግዳ ጋዜጣም ሦስት ጊዜ አውጥተናል። ይህ ዘገባ ግን በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራል፤ ዓመቱን ሙሉ ሐሳባችንን የያዘው እሱ ነበርና።

መስታወቱን ከአልጌ የሚያጸዱልን 12 ትሮከስ የተባሉ የባሕር ቀንድ አውጣዎች ነበሩን። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት አጋማሽ ላይ ቆጠራ የሚይዘው ተማሪ አንድ ሰኞ 10፣ በሳምንቱ 9 ብሎ መዘገበ። መጀመሪያ የጠረጠርነው ውሃውን ነው። ለካነው፤ አንጻራዊ እፍግታው 1.025፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አሞኒያው ዜሮ። ውሃው ምንም አልሆነም። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከአሸዋው ላይ ባዶ ዛጎል በወረንጦ አንሥታ አጉሊ መነጽር ሥር አስቀመጠችው። ከጥምዙ በአንዱ ላይ፣ ከመርፌ ቀዳዳ ብዙም የማይሰፋ፣ ዙሪያው ቀጥ ብሎ የወረደ ክብ ቀዳዳ ነበረበት። ስብራት አይደለም፤ ተቦርቡሮ ነው።

እንዲህ የሚቦረቡሩት የሙሪሲዴ ቤተሰብ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። በእግራቸው ላይ ያለ አንድ ልዩ አካል ዛጎልን የሚያለሰልስ አሲድና ኢንዛይም ያመነጫል፤ የለሰለሰውን ራዱላ የተባለው ጥርሳም ምላሳቸው ይፍቀዋል። ማለስለሱና መፋቁ እየተፈራረቀ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይቀጥላል። ሲበሳላቸው ኩምቢያቸውን አስገብተው ሥጋውን ይበላሉ። ይህን ለአባላቱ ሳስረዳ፣ ያቺ ትንሽ ዛጎል ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር።

ቀጥሎ የተሳሳትነውን መጻፍ አለብኝ፤ ውሳኔው የእኔ ነበርና። አንድ ትሮከስ በሞተ ማግስት አምስት ናሳሪየስ የተባሉ ቀንድ አውጣዎች ሥጋውን ከበው አገኘናቸው። የዛጎሉ አፍ ፊት ለፊት ላይ ቦይ ካለ፣ ከቦዩም ቱቦ ብቅ ካለ፣ ያ ቀንድ አውጣ ሥጋ በል ነው የሚለውን ምልክት እንደ ፍርድ ይዤ አምስቱንም አስወጣኋቸው። ያቺው ተማሪ ግን "መምህር፣ ሬሳ ላይ መገኘት መግደል ነው እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ በሌላ ገንዳ ውስጥ ከአንድ ጤነኛ ትሮከስ ጋር ሁለት ሳምንት አስቀመጥናቸው። አንዳቸውም አልነኩትም። ቁራጭ ሽሪምፕ ስንጥልላቸው ግን ቱቧቸውን ቀስረው ወዲያው ከአሸዋው ውስጥ ብቅ ብቅ አሉ። ሬሳ እያነሡ ውሃው እንዳይበከል የሚረዱን ናቸው። ቱቦው የምግብ ሽታ ይለቅምበታል እንጂ ገዳይ መሆኑን አያረጋግጥም። ሴሪት የተባለውም አጭር ቦይ እያለው የሚበላው አልጌና ዝቃጭ ነው።

ገዳዩን ለማግኘት ሌሊት ማየት ነበረብን። ወላጆች ፈቅደው ስድስት አባላት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ቆዩ። መብራቱ ከጠፋ በኋላ የእጅ ባትሪያችንን በቀይ ላስቲክ ሸፈንን፤ ቀይ ብርሃን ብዙዎቹን የሌሊት እንስሳት እምብዛም አይረብሻቸውም። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ከድንጋዩ ስንጥቅ አንድ ጎርባጣ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቀን ቀን ስንት ጊዜ አይተን ድንጋይ መስሎን አልፈነዋል! ጀርባው ላይ እንደ ድንጋዩ ሁሉ ሐምራዊ አልጌ በቅሎበታል። ቱቦውን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ወደ አንድ ትሮከስ ሄደ፤ ወጣበት፤ እግሩን ዘርግቶ አቀፈው። ከዚያ በኋላ ምንም አይታይም፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስላል።

ጓንት አድርገን በረጅም ወረንጦ አነሣነው። ማንነቱ ያልታወቀ የባሕር ቀንድ አውጣ በባዶ እጅ አይነካም። ኮነስ የተባሉት መርዘኛ ጥርሳቸውን እንደ ጦር ይወጋሉ፤ ኮነስ ጂኦግራፈስ ሰው ገድሏል፣ ፀረ መርዝም የለውም። "መድኃኒት እንጨምርበት" ያሉ አባላት ነበሩ፤ መዳብ ያለበት መድኃኒት ግን ጠላትና ወዳጅ ሳይለይ ቀንድ አውጣውንም፣ ሽሪምፑንም፣ ኮራሉንም ይፈጃል። በአራት ምሽት አራት ያዝን። በመስታወቱ ጥግ ተደርድረው የተጣበቁትን የእንቁላል ከረጢቶችም በምላጭ ፍቀን አወጣን። በአንድ ትሮከስ ዛጎል አፍ ዳር ላይ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ፒራሚዴሊድ የተባሉ ነጫጭ ቀንድ አውጣዎችም አግኝተናል፤ የሌላውን እንስሳ የሰውነት ፈሳሽ እየመጠጡ የሚኖሩ ስለሆኑ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግናቸው።

የተያዙትን ምን እናድርጋቸው በሚለው ላይ ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። "ወደ ባሕር እንልቀቃቸው" የሚለውን እኔ ከለከልኩ። ራፓና ቬኖሳ የተባለው የሩቅ ምሥራቅ ቀንድ አውጣ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥቁር ባሕር ውስጥ ከታየ በኋላ ኦይስተር የተባሉ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል እንስሳት መንጋዎችን ክፉኛ ጎድቷል። ስለዚህ አራቱ ለብቻቸው በተዘጋጀ ገንዳ "መሰል" የተባለውን ሌላ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል እንስሳ ሥጋ እየበሉ ይኖራሉ። ሲያድኑ ማየት እጅግ ያስደንቃል፤ ጥፋታቸው እኛ ባስገባናቸው ቦታ መገኘታቸው ብቻ ነው። የገቡትም በዓመቱ መጀመሪያ ሳንመረምር በጨመርነው ሕያው ድንጋይ (ጥቃቅን ፍጥረታት የሚኖሩበት የባሕር ድንጋይ) ውስጥ ተደብቀው ሳይሆን አይቀርም። ከእንግዲህ አዲስ ድንጋይ ስድስት ሳምንት ለብቻው ሳይቆይና ሌሊት ሳይታይ አይገባም።

የመጨረሻው ቆጠራ፦ 7 ትሮከስ፣ ወደ ቦታቸው የተመለሱ 5 ናሳሪየስ። በዘጠኝ ሳምንት ውስጥ አዲስ ባዶ ዛጎል አልተገኘም። ያን ምሽት ያስጣልነው ትሮከስ ጀርባው ላይ በአጉሊ መነጽር ብቻ የምትታይ የደበዘዘች ነጥብ አለችው፤ የመቦርቦሩ መጀመሪያ ናት። አሁንም ጠዋት ጠዋት የፊቱን መስታወት የሚያጸዳው እሱ ነው።